ቁጥር ስድስት

ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር
ሰኔ 18 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለወይንሀረግ ደጉ፤

እንደምን ሰንብተሻል? የኢሉባቦር ዝናብ እንዴት ይዞሻል? እኔና ባለቤቴ ማናለብሽ፣ ከእሷ የጉልበት ቁርጥማት በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ግንቦት ላይ የጻፍሽው ገና ትናንት ደረሰኝ። ፖስታው ጠርዙ ላይ ተቀዶ መልሶ በሙጫ ተለጥፏል። ማን ከፈተው ብዬ አልጠይቅም፤ አንቺም አትጠይቂ። ስለ እንጉዳይ ማንበብ የሚወድ ሰው ካለ ይማርበት።

ለጠየቅሽኝ ልመልስ። እንጉዳይ ጭስ ላይ አይደርቅም፤ መልኩ ይጠፋል። በክር ሰክተሽ ነፋስ ያለበት ጥላ ውስጥ ስቀይው። የእንጉዳዩን ባርኔጣ ደግሞ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ በሆነ ወረቀት ላይ ደፍተሽ አሳድሪው። በማግስቱ ስታነሺው ከሥሩ ካለው ሽንሽን የረገፈ ዱቄት ታገኛለሽ። ዘሩን የሚነግርሽ የዱቄቱ ቀለም ነው። ይህን ኮሌጁ ቤተ ሙከራ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩላችሁ ታስታውሺ የለም? አንቺ ያኔ ከኋላ ተቀምጠሽ ትስቂ ነበር። ይኸው ዛሬ የባዮሎጂ አስተማሪ ሆነሽ እኔን ጡረተኛውን ትጠይቂያለሽ።

ስለ ማኅበራችን ጠይቀሻል። ማኅበር የሚለውን ቃል ደብዳቤ ላይ አትጻፊው። ሦስት ሰዎች እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንጉዳይ ፍለጋ አብረው ይወጣሉ፣ በቃ። እኔ፣ ጧፍ ሻጯ ሎሚና የአብነት ሰፈሩ መካኒክ ገረሱ ነን። ልደታ ማርያም ግቢ፣ ከትልቁ ጥድ ሥር ያገኘናት ቀይ እንጉዳይ ዘንድሮም በቅላለች። ባለፈው ሳምንት የግቢው ጠራጊ ቅጠሉን ቆልሎ ሊያቃጥል ክብሪት ሲጭር ሎሚ ሄዳ ቅጠሉ ላይ ቁጭ አለችበት። «ተነሺ!» ቢላት «እኔንም አቃጥለኝ» አለችው። ሰውየው እየሳቀ ሄደ። ገረሱ ከጋራዡ ሽቦ አምጥቶ ዙሪያዋን አጠረላት። ሌላ ቦታ አይተናት የማናውቅ እንጉዳይ ናት፤ ሥራችን ይኸው ነው፤ ማግኘት፣ መመዝገብ፣ ከእሳትና ከእግር መጠበቅ።

ጽሕፈቴ ለምን እንደገዘፈ ጠይቀሻል። ብዕሩ ነው። የድሮው ተሰብሮብኝ ቀበሌ ሱቅ በመጣው ነው የምጽፈው።

አባትሽ
ሚደቅሳ


ኢሉባቦር
ሐምሌ 4 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለውድ መምህሬ ለጋሼ ሚደቅሳ፤

ለጤናዎ እንዴት ነዎት? እትዬ ማናለብሽስ? እኔ ከጭቃው ጋር ተላምጄ ደህና ነኝ።

አሁን የምነግርዎትን ተቀምጠው ያንብቡት። ሰማያዊ እንጉዳይ አገኘን! የጣት ጥፍር ታክላለች፤ ሽንሽኗ ሳይቀር ውሃ ሰማያዊ ነው። የምትበቅለው በወደቀ የቀረሮ ግንድ ላይ ብቻ ነው፤ እኔና ስምንት ተማሪዎቼ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጫካውን አስሰን በሁለት ግንድ ላይ ብቻ አገኘናት። እርስዎ ያስተማሩኝ መጽሐፍ ውስጥ የለችም። አንዷን በጥጥ ጠቅልዬ ልኬያለሁ።

መጀመሪያ ያየቻት ግን ተማሪ አይደለችም። ፀሐይቱ ትባላለች፤ ከወሎ በሰፈራ የመጣች ሴት ናት። እዚያም ሳይሰሙት የማይቀሩት የሰፈራ ወሬ እውነት ነው፤ ከጫካው ሥር የሰፈራ ጣቢያ ተቋቁሟል፤ ዘጠኝ መቶ አባወራ ወርዷል። ፀሐይቱ ሁለት ልጆቿን መንገድ ላይ ቀብራ የአምስት ዓመቷን እታገኝን ይዛ ነው የደረሰችው። እንጨት ልትለቅም ገብታ ስንርመሰመስ አየችን። «ምን ጠፍቷችሁ ነው?» አለችን። ነገርናት። ሳቀች፤ ከዚያ አብራን ጎንበስ አለች። ዓይኗ እንደ ጭልፊት ነው። አሁን በየቀኑ ትመጣለች፤ እታገኝን አዝላ።

ክፉውን ነገር መጨረሻ ላይ ያደረግሁት ደስታዎን እንዳላበላሽ ብዬ ነው። የጣቢያው ኃላፊ ጓድ ጴጥሮስ ጫካው ይመነጠራል ብሏል፤ ቀረሮው ለሳንቃ፣ መሬቱ ለበቆሎ። ቢሮው ሄጄ ለመንኩት። «ጓድ መምህርት፣ ይኼ ጫካ ምን ያበላል?» አለኝ። ብዙ ነገር አልኩት። «አንድ ጥሪልኝ» አለኝ። በመስኮቱ ወደ ደጅ ተመለከትኩ። ውጭ ራሽን የሚጠብቁት ሰዎች እግራቸው እንደ ሸንበቆ ነው፤ እኔ ስለ ጥፍር የምታህል እንጉዳይ ልነግረው ነው የሄድኩት። አፈርኩ፣ ጋሼ። ግን አልተውኩትም።

ምን ይመክሩኛል?

ልጅዎ
ወይንሀረግ


ልደታ
ሐምሌ 14 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለወይንሀረግ፤

እንደምን አለሽ? ሰማያዊቷ ሳትጎዳ ደረሰች። በአጉሊ መነጽር ይዣት ደጅ ወጣሁ፤ ማናለብሽ «ምነው አለቀስክ?» አለችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስፈልግ የኖርኩትን አንቺ አገኘሽው። እንኳን ደስ አለሽ።

ስለ ጫካው የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። አራት ቀን ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ። በአራተኛው ቀን አንዱ ወጣ አለና «አባባ፣ ሕዝብ በረሃብ እያለቀ እርስዎ ስለ ጅብ ጥላ ይዘው መጡ?» አለኝ። ባርኔጣዬን አንስቼ ወጣሁ።

ሆኖም መንገድ ላይ አንድ ነገር መጣልኝ። ሰውየው «ምን ያበላል?» አይደል ያለሽ? መልሺለት እንግዲህ! ጫካው እንጉዳይ ያበላል። አንቺና ተማሪዎችሽ በብዛት የሚበቅለውን ሁሉ ልቀሙ፤ ዱቄቱን በወረቀት አራግፋችሁ ላኩልኝ። የሚበላውን ከማይበላው እለይልሻለሁ። ጣቢያው ከጫካው በልቶ ካደረ ጓድ ጴጥሮስ በምን አፉ ይቆርጠዋል?

«እኔው እዚሁ ብለየውስ?» ትዪ ይሆናል። አይሆንም። መጽሐፍ አገላብጦ የሚደረግ ነገር አይደለም፤ የለመደ ዓይን ይጠይቃል። አንድ ስህተት ሰው ይገድላል። ለእኔ ተዪው።

ስለ ጤናዬ ደጋግመሽ የምትጠይቂው ምን ሰምተሽ ነው? ገረሱ ጽፎልሽ ከሆነ ገረሱ ወሬኛ ነው። ልደታ ደረጃ ላይ የወደቅኩት እርጥብ ስለነበረ ነው።

ሚደቅሳ


ኢሉባቦር
ሐምሌ 23 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሚደቅሳ፤

እንደምን ሰነበቱ? ስለ ጤናዎ በመጠየቄ ካስቀየምኩዎት ይቅርታዎን እለምናለሁ። ከእንግዲህ አልጠይቅም።

ምክርዎን ለጓድ ጴጥሮስ ነገርኩት። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «አሳዪኝ» አለ። «ነሐሴ 10 ቀን ከአውራጃ ጎብኚዎች ይመጣሉ። ያን ቀን ሕዝቡ ፊታቸው ይብላ። ከጠገበ ጫካሽን እተውልሻለሁ። ካልሆነ መጥረቢያው በማግስቱ ይገባል።» እንግዲህ ቀጠሮው ይኸው ነው። ፍልሰታም ስለሚገባ እንጉዳይ ለጾመኛውም ይሆናል።

ዘጠኝ እሽግ በቡና ጫኝ መኪና ሹፌር እጅ ልኬያለሁ። እያንዳንዱ ቁጥር አለው፤ የዱቄት ወረቀቱም ውስጡ ነው። ከስምንቱ የምናገኘው ጥቂት ጥቂት ነው፤ ቅመሱኝ ከማለት አያልፍም። ተስፋችን ሁሉ ቁጥር ስድስት ላይ ነው። ነጭ ነው፣ ሰሃን ያህላል፤ ከጣቢያው በታች ባለው ሣር ላይ እንደ ተሰጣ ልብስ ሜዳውን ሞልቶታል። በግማሽ ቀን ሃያ ቅርጫት ይለቀማል።

ግን ቁጥር ስድስት ላይ ልቤ አልረጋም። ፀሐይቱ «ይኼ ከሥሩ አረንጓዴ ነገር ያሳያል» አለችኝ። እኔም ሳየው ዱቄቱ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ መሰለኝ። ዝናቡ አላቆም ስላለ በጭስ ቤት ነው ያራገፍነው፤ ምናልባት ጥላሸቱ አሳስቶን ይሆናል። ነጭ ከሆነ በኩይሳ ላይ ከሚበቅለው ከሚበላው ዘር ነው። አረንጓዴ ከሆነ ግን መርዝ ነው ብለው እርስዎ ራስዎ ያስተማሩንን አልረሳሁም። እባክዎ ደህና አድርገው ይዩልኝ። እርስዎ ካሉኝ ውጭ አንድ እንጉዳይ ድስት ውስጥ አይገባም።

ወይንሀረግ


ልደታ
ሐምሌ 30 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለወይንሀረግ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እሽጎቹ ከትናንት በስቲያ ደረሱኝ። መኪናው ነገ ማለዳ ስለሚመለስ በአጭሩ እጽፋለሁ።

አንድ፣ ሁለት፣ አምስትና ዘጠኝ ይበላሉ። አራትና ሰባት አይገድሉም፣ ግን ይመርራሉ። ሦስትንና ስምንትን ቅበሯቸው።

ቁጥር ስድስት ነጭ ነው። የኩይሳው ዘር ነው፤ ከሁሉም የሚጣፍጠው እሱ ነው። አረንጓዴ ያላችሁት የጭስ ቤታችሁ ሥራ ነው፤ ጭስ ላይ አታድርቂ ብዬ ሰኔ ላይ አልጻፍኩም? አንዲት እንጨት ለቃሚ ያለችውን ይዘሽ እኔን ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁትን «ደህና አድርገው ይዩ» ማለትሽ ትንሽ ከንክኖኛል። ይሁን፣ ልጅ ነሽ። ይቅር ብያለሁ። አትጠራጠሪ፤ አብስዪ።

«እትዬ ማናለብሽ ታግዝዎት» ደግሞ እንዳትዪኝ። ማናለብሽ ሽሮ ከበርበሬ ትለያለች፣ እንጉዳይ የእኔ ነው።

ሚደቅሳ


ልደታ
ነሐሴ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለወይንሀረግ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ ደህና ነን። እዚህ ዝናቡ በርትቶ የጌጃ ሰፈር መንገድ ወንዝ ሆኗል፤ የጎረቤታችን የአምሳሉ አጥር ወድቆ ወደ እኛ ተጋድሟል። ቀበሌ በዚህ ወር ስኳር ግማሽ ኪሎ ነው የሰጠን፤ ማናለብሽ ስትነጫነጭ ከረመች። ቀይዋ እንጉዳይ ከሽቦዋ ውስጥ ሆና ሰባት ልጆች አብቅላለች፤ ገረሱ እንደ አያት ይኩራራባታል። ጾሙ እንዴት ይዞሻል? ተማሪዎችሽ ወላጆቻቸው ፈቅደውላቸው ነው የሚውሉት? ይህን ሳትነግሪኝ ቀርተሻል።

ሎሚ ዛሬ መጥታ እሽጎቹን በመደርደሪያው ላይ አሰናዳችልኝ። ስታሰናዳም ስለ አንዱ ወረቀት አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ እኔም መልስ ሰጠኋት። ብቻ ቁጥር ስድስትን ለጊዜው ብታቆዪው ደግ ነው። ጥቂት የማጣራው ነገር ስላለኝ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ሰዉ ከሌሎቹ ይብላ።

ሎሚ ቴሌግራም ካልላኩ ብላ ስትጨቀጭቀኝ ዋለች። ቴሌግራም ሰው ያስደነግጣል። የቴሌ መሥሪያ ቤቱ መስኮት ላይ ያለችውም ልጅ «መርዝ ምንድን ነው? ጣቢያ ምንድን ነው? ማን ነዎት?» ማለቷ አይቀርም፤ ያን ሁሉ ሰው ባለበት። ደብዳቤው ከነሐሴ 10 በፊት ይደርስሻል ብዬ አምናለሁ፣ መኪናው ጭቃ ካልያዘው።

ማናለብሽ ሰላም ትልሻለች።

ሚደቅሳ


ኢሉባቦር
ነሐሴ 9 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ፤

እንደምን አሉልኝ? የሐምሌ 30 ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። ማስቀየሜን ሳነብ አዘንኩ፤ ግን ከዚያ በላይ ደስ አለኝ። «ነጭ ነው» የሚለውን ለተማሪዎቹ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ጨፈሩ።

ፀሐይቱ ብቻ ቅርጫቷን መሬት አስቀመጠች። «ምነው?» አልኳት። «አረንጓዴ ነው ያየሁት» አለች። ደብዳቤውን አሳየኋት፤ ማንበብ ስለማትችል ጽሕፈቱን በጣቷ ዳበሰችው። «ትልቅ ሰው ነው የጻፈው?» አለችኝ። «እኔን ያስተማረኝ ነው» አልኳት። «እንግዲያው እሱ ያውቃል» ብላ ቅርጫቷን አነሳች። ዛሬ ከሁላችን በላይ የለቀመችው እሷ ናት።

ጓድ ጴጥሮስ ሦስት ጎላ ድስት ሰጥቶናል። እታገኝ ከጎላው አጠገብ አልነሳም ብላለች። ነገ ሰው ጠግቦ ሲስቅ አይቼ እጽፍልዎታለሁ። ጫካው ተረፈ፣ ጋሼ። እርስዎ አተረፉት።

ወይንሀረግ


ልደታ
ነሐሴ 25 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለወይንሀረግ፤

እንደምን አለሽ? ደህና ነሽ ወይ? የነሐሴ 9ኙ ደረሰኝ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ድምፅሽ ጠፋ። የቡናው ሹፌር ጭነት እንዳላገኘ ነገሩኝ። ገረሱ ከአውቶቡስ ተራ አንድ ወሬ ሰምቶ መጥቶ ነበር፤ አልሰማም ብዬ አስወጣሁት።

የነሐሴ 6ቱ ደርሶሽ ይሆናል። ደርሶሽ ከሆነ ያልኩትን አድርገሻል። ያልደረሰሽም እንደሆነ አንቺ አስተዋይ ነሽ፤ ያ የልብሽ ጥርጣሬ ከልክሎሻል ብዬ አምናለሁ። አንድ መስመር ጻፊልኝ። «ደህና ነን» የምትል አንድ መስመር።

ሚደቅሳ


ኢሉባቦር፣ ማረፊያ ቤት
መስከረም 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለጋሼ ሚደቅሳ፤

ደህና አይደለንም።

በወር አንድ ወረቀት ነው የሚፈቀድልን። ሰላምታ ያሳጠርኩት ለዚህ ነው።

ዓርብ ነሐሴ 10 ቀን እንግዶቹ መጡ። ሰዉ ተሰለፈ። ጓድ ጴጥሮስ ንግግር አደረገ፤ ሰሃን ሰጡት፣ ሳይበላ ለፎቶግራፍ ያዘው። እኔ በላሁ። ተማሪዎቼ በሉ። ሰዎቹ ጣታቸውን እየላሱ ደግመው ተሰለፉ። አንድ ሽማግሌ እጄን ሳሙኝ።

ሰሃኑ ታጥቦ ሳያልቅ ጀመረን። እኔና ተማሪዎቼ ሁለት ቀን ስናስመልስ ቆይተን ተነሳን፤ ምክንያቱም ስንበላ የኖርን ነን። የተራበ ሰው ለማስመለስም አቅም የለውም። እስከ እሑድ ድረስ አሥራ አንድ ሰው ሞተ። ሰባቱ ልጆች ናቸው። እታገኝ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው ያለፈችው። ውሃ ትለምን ነበር፤ እናቷ በመዳፏ እየቀዳች ብታጠጣት አልያዝላት አለ።

የነሐሴ 6ቱ ደብዳቤዎ ሰኞ ነሐሴ 13 ደረሰኝ፤ ከቀብር ስመለስ። መጀመሪያ የአቶ አምሳሉን አጥር አነበብኩ። ከዚያ የእትዬ ማናለብሽን ስኳር። ቁጥር ስድስት ከወረቀቱ ጀርባ ነበር። ቴሌግራም ሰው ያስደነግጣል ብለዋል። ቴሌግራም በማግስቱ ነበር የሚደርሰው፣ ጋሼ። ያኔ ቅርጫቶቹ ገና ባዶ ነበሩ።

ይህን የምጽፈው ለወቀሳ አይደለም። እኔን፣ ሦስት ተማሪዎቼንና ፀሐይቱን አስረውናል፤ እሷን «የለቀምሽው አንቺ ነሽ» ብለው። ክሱ ሰፋሪውን በመርዝ ጨርሶ ሰፈራውን ማክሸፍ ነው። መርማሪው የሐምሌ 30 ደብዳቤዎን ይዞታል። እንዲህ አለኝ፦ «ይህን የጻፈው ሰው ጻፍኩ ብሎ ይመን። ካመነ የአንቺ ጥፋት ቸልተኝነት ነው፤ ታስረሽ ትወጫለሽ። ካላመነ ግን አንቺው አስበሽበት ነው፤ ለሱ ደግሞ ቅጣቱን ታውቂዋለሽ።»

ወደ ልደታ ሰው ይልካሉ። የምለምንዎት አንድ ቃል ነው። «እኔ ጻፍኩት» ይበሏቸው። ተሳሳትኩ ይበሉ፤ ሽማግሌ ነዎት፣ ምሁር ነዎት፣ ለስህተት አይገድሉዎትም።

ወይንሀረግ


ልደታ
ጥቅምት 3 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ በእግዚአብሔር ጥበቃ ላለሽ ልጄ ለወይንሀረግ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንደምን ነው? ብርዱስ? ይህን ደብዳቤ ገረሱ በሰው እጅ ይልክልሻል፤ አንብበሽ አጥፊው።

ሰዎቹ መጥተው ነበር፤ ሁለት ከዚያ፣ አንድ ከቀበሌ። ደብዳቤውን ዘርግተው «ይህ የእርስዎ ጽሕፈት ነው?» አሉኝ። አፌን ልከፍት ስል ማናለብሽ ከጓዳ ወጣች። «ምን ዓይነት ጉድ ነው! ባሌ ዓይኑ ካየ ሁለት ዓመቱ! ማን ሆኖ ነው ደብዳቤ የሚጽፈው?» አለች። የሐኪም ወረቀትም አመጣች። ሳላውቅ ሄዳ ከዓይን ሐኪሜ ያጻፈችው ነው፤ ሞራ ጋርዶታል ይላል። ለካስ ከመጀመሪያው ታውቅ ኖሯል። እኔ ከእሷ የደበቅኩ መስሎኝ ግድግዳ ዳብሼ ስሄድ እያየች ዝም ትለኝ ነበር።

ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ደጅ ፀሐይ ሲኖር በአጉሊ መነጽር እጽፋለሁ፤ አነባለሁ። ቀለም ግን አልለይም። ያን ቀን ቁጥር ስድስትን ይዤ ወደ ብርሃን ብወጣ ሁሉም አንድ ዓይነት ገረጣ ያለ ነገር ነበር። ማናለብሽን መጥራት እችል ነበር። አልጠራኋትም። ከዚያ በኋላ «ሚደቅሳ አያይም» ይባላል፤ እሽግ የሚልክልኝም አይኖርም ብዬ ፈራሁ።

ለሰዎቹ ግን ዝም አልኩ። «ታዲያ ይህን ማን ጻፈው?» አሉ። ማናለብሽ «እሷው ልጅቱ በስሙ ጽፋው ይሆናላ» አለች። አውራ ጣቴን ቀለም ነክረው አስፈረሙኝ፤ ማንበብና መጻፍ እንደማልችል። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርኩ ሰው በአውራ ጣቴ ፈረምኩ። ያን ውርደት አንቺ ትረጂልኛለሽ።

ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። የእስር ቤት ሲሚንቶ ሁለት ወር አያኖረኝም። አንቺ ወጣት ነሽ፤ ነገሩ ይረሳል፤ ምሕረት ይኖራል።

ሰማያዊቷን በሥዕልና በጽሑፍ አድርጌ ወደ ውጭ ሀገር ላክኋት። አዲስ ዘር እንደሆነች መለሱልኝ። ያገኘው ሰው ስም በሚለው ቦታ ለጊዜው የእኔን አስገብቻለሁ፤ የአንቺን ማስገባት አሁን ለሁላችንም አይመችም። ነገር ሲረጋ አስተካክለዋለሁ።

ደብዳቤዎችሽን አሁን ማናለብሽ ናት የምታነብልኝ፤ ከእንግዲህ የምደብቀው የለኝምና። ሎሚ ቤታችን መምጣት አቁማለች። አንድ ኪሎ ስኳርና ጋቢ ልኬልሻለሁ። ይቅርታሽን እጠብቃለሁ።

አባትሽ
ሚደቅሳ


ኢሉባቦር፣ ማረፊያ ቤት
ኅዳር 6 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለአቶ ሚደቅሳ፤

ጋቢው ደርሶኛል። ስኳሩን በር ላይ አስቀሩት።

ደብዳቤዎን አላጠፋሁትም። ለመርማሪው ሰጠሁት። እስከ መጨረሻው አነበበና ሳቀ። «ይኼ ሰው ዕውር ነው፤ ጣቱን ያተመበት ወረቀት እዚህ አለኝ። አሁንም ጻፈ ትይኛለሽ? ጎበዝ ጸሐፊ ነሽ» ብሎ ደብዳቤውን መልሶ ሰጠኝ። ስለዚህ በእኔ በኩል ምንም አይደርስብዎትም፤ እትዬ ማናለብሽ ትረጋጋ።

በማግስቱ ሌላ ወረቀት ይዞ መጣ። ደብዳቤውን ራሴ እንደ ጻፍኩት፣ እንጉዳዩ መርዝ እንደሆነ እያወቅሁ እንዳበላሁ ይላል። ከፈረምኩ ሦስቱን ተማሪዎች እንደሚለቅ ነገረኝ። አንደኛዋ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እጇን ሰብረውታል። ፈረምኩ። ልጆቹ ወጡ። ፀሐይቱን እለቃለሁ ብሎ ነበር፤ አለቀቃትም።

ፍርዱ ገና አልተነገረኝም። ምሕረት ይኖራል ብለዋል። ከዚህ ክፍል በዚህ ወር ሁለት ሴቶች ተጠርተው ወጥተዋል፤ ዕቃቸው እዚሁ ነው።

ጫካው ተቆርጧል። ከመስኮቱ ሳንቃ የጫኑ መኪናዎች ሲያልፉ አያለሁ። ሰማያዊቷ የነበረችባቸው ሁለቱ ግንዶች ለማገዶ ተፈልጠዋል፤ እዚህ የታሰረ አንድ እንጨት ፈላጭ ነገረኝ። እንግዲህ በጥጥ የላክሁልዎት ብቻ ቀርታለች። ከእርጥበት ይጠብቋት። ያገኛትን ሰው ስም እንደጻፉት ይተዉት። እኔም አይደለሁም፤ ፀሐይቱ ናት፤ እዚህ ድረስ ገብቶ እሷን ለመጠየቅ ግን የሚያስብ ሰው የለም።

ይቅርታ ጠይቀዋል። እኔ የምሰጠው ይቅርታ የለኝም። ፀሐይቱን ጠየቅኳት፤ ደብዳቤዎንም አነበብኩላት፣ የዓይንዎን ነገር ጭምር። ከመጣን ጀምሮ ከእኔ ጋር አትነጋገርም ነበር፤ አንድ ምንጣፍ ላይ ተኝተን ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር የምታድረው። ያን ቀን ዞረችና «ሰውየው የት ነው የሚኖረው?» አለችኝ። አዲስ አበባ፣ ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር አልኳት። የሰፈሩን ስም ደገመችና «መጻፍ አስተምሪኝ» አለች።

ሦስት ሳምንታችን ነው። ከሰል ከማብሰያ ቤት ታመጣለች። ወረቀት ስለሌለን የምትለማመደው በደብዳቤዎችዎ ጀርባ ላይ ነው። ቶሎ ይገባታል። የመጀመሪያዎቹን ፊደላት በአራት ቀን ያዘች። ትናንት የልጇን ስም ጻፈች፤ «ኝ» ላይ አንዴ ተሳሳተች፣ አጥፍታ ደገመችው። የዘበኞቹ አለቃ ማይምነትን ስላጠፋን አመሰገነን።

ለእርስዎ ምን ልትጽፍ እንደሆነ ጠይቄያታለሁ። አልነገረችኝም። እኔን የጠየቀችኝ ግን እዚያ ቤት ደብዳቤ የሚያነብለት ማን ነው ብላ ነው። ሚስቱ ናት አልኳት።

«ጮክ ብላ ነው የምታነብለት?»

«አዎ።»

«ጥሩ» አለችና ከሰሏን አነሳች።

ወይንሀረግ ደጉ